የእናት ስም የሌለበት ሐረግ

እንጀራዬን የማገኘው ባንክ ቤት ተቀጥሬ ነው። ሥራዬ ከመስኮቱ ማዶ የቆመውን ሰው ስሙን መጠየቅ፣ የነገረኝን መጻፍ፣ የጻፍኩትን ማመሳከር ነው። አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ደንበኛ በሚሞላው ቅጽ ላይ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የእናት ሙሉ ስም» የሚል አንድ መስመር አለ። ሰው ሁሉ የላይኞቹን ሳያስብ ይሞላቸዋል። ከታችኛው ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆም ይላል። የእናቱን ስም ያውቃል፤ የእናቱንም አባት ስም ብዙውን ጊዜ ያውቃል። የእናቱን አያት ስም ለማወቅ ግን ወደ እህቱ ስልክ የሚደውል ስንት ጎልማሳ አይቻለሁ!

ያ መስመር ለምን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ? የደንበኛውን ማንነት ማረጋገጥ ሲያስፈልግ፣ ሌላ ሰው በቀላሉ የማያውቀው መለያ እንዲሆን ነው። እስቲ ነገሩን አስተውሉት። የአባታችን ስም በየመታወቂያችን፣ በየደብዳቤአችን፣ በየሰው አፍ ላይ ነው። የእናታችን ስም የምስጢር ቁልፍ ሆኖ ሊያገለግል የቻለው ማንም የማይጠራው ስለሆነ ነው።

ከባንኩ መስኮት ስርቅ ሁለት ሱሶች አሉብኝ። አንደኛው ግጥም መሞከር ነው፤ ሁለተኛው የዘር ሐረግ መልቀም ነው። ይህን ሁለተኛውን ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከለቅሶ ቤት ሠርግ ቤት፣ ከደብር ደብር እየዞርኩ አዛውንት ጠይቄአለሁ፤ ሦስት ደብተርም ሞልቻለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ዝናባማ እሑድ ደብተሮቼን ዘርግቼ ስሞቹን ቆጠርኩ። 214 ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ 31 ብቻ ናቸው። ከ31ዱም 12ቱ ስም የላቸውም፤ «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ ሚስት» ተብለው ታልፈዋል። ጽሕፈቱ የእኔ የራሴ ነው። ማንም አላስገደደኝም። «ባለቤታቸውስ ማን ይባሉ ነበር?» ብዬ ሳልጠይቅ ወደሚቀጥለው ወንድ የተሻገርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ክስ ነው፤ አንደኛው ተከሳሽም እኔ ነኝ። በተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ግን ብቻዬን አልቆምም።

ዛሬ ዛሬ የቤተሰብ ታሪክ መሰብሰብ እየተለመደ መጥቷል። ለሙት ዓመት የሚታተም መጽሔት፣ በቤተሰብ ማኅበር ስብሰባ ላይ የሚታደል ባለ ቀለም ሰንጠረዥ፣ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚመላለስ የዛፍ ሥዕል አለ። ነገሩ በራሱ መልካም ነው፤ እኔም ስንቱን በጉጉት ተቀብዬ አንብቤአለሁ። ይሁን እንጂ ያየኋቸው ሁሉ አንድ ይመስላሉ። ከሥሩ አንድ ጀግና አባት ተቀምጧል፤ ደጃዝማች ካልሆነ ፊታውራሪ፣ ፊታውራሪ ካልሆነ ባላባት። ከእርሱ ወንድ ይወለዳል፤ ከዚያም ወንድ ይወለዳል፤ እንዲህ እያለ አሳታሚው ዘንድ ይደርሳል። ለመሆኑ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ባላባት ከነበረ ማን አረሰ? ማን ሸመነ? ማረሻውን ማን ቀጠቀጠ? ውኃውን ማን ቀዳ? ለዚያ ሁሉ የጦር ሰውስ እህሉን ማን ፈጨ?

እንደ እኔ እምነት ይህ የቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ኒሻን ነው። ኒሻን ደግሞ ደረት ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይመረመርም።

«ምን ይደረግ፣ አባቶቻችን ያወረሱን አቆጣጠር ይህ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚሁ ነበር። ነገር ግን ሐሰት ነው። በርስት ዘመን በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋም ብዙ ቦታ መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ያ መወለድ ግን በአባት ብቻ አልነበረም። በእናትም፣ በእናት እናትም፣ ወንድና ሴት እየተፈራረቀም ይቆጠር ነበር። አለን ሆቤን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ የጎጃምን ዳሞት ርስት አጥንቶ በፈረንጆቹ 1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በዝርዝር አሳይቷል። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ውሎችም ምስክር ናቸው፤ በእነዚያ ውሎች ውስጥ ሴቶች ከነስማቸው ሻጭም ገዢም ሆነው ይገኛሉ።

ስለዚህ ያ ያልተማረ የምንለው ሐረግ ቆጣሪ ሽማግሌ ከእኛ ይልቅ እናቶቹን ያውቅ ነበር። ማወቁ ከደግነት የመጣ ነው አልልም፤ ከመሬት የመጣ ነው። አንዲት ሴት አያት ከተዘለለች አንድ ማሳ ይቀር ነበርና። ያኔ ሐሰተኛ ሐረግ አልነበረም ማለቴም አይደለም፤ መሬት ባለበት ሐሰት ይኖራል። ነገር ግን ሐሰቱ ተከራካሪ ነበረው። አንዱ ሲዋሽ ሌላው ከዳኛ ፊት «ተሳስተሃል፣ እርሷ የእገሌ ልጅ አይደለችም» ይለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስት ክርክር አበቃ። ክርክሩ ሲያበቃ እናቶቹ ከሐረጉ ወረዱ። የቀረልን ኩራት ብቻ ነው፤ ኩራት ደግሞ ተከራካሪ የለውም። ዛሬ ባለ ቀለም ዛፉን የሚያሳትመውን ሰው ማን ማስረጃ ይጠይቀዋል? እናጨበጭብለታለን እንጂ!

የጋብቻውንም ሕግ ተመልከቱ። «ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም» እንላለን። ሰባት ቤት በአባት በኩል ብቻ ቆጥሮ ዝምድናን ማወቅ ይቻላል? አይቻልም። እናቶቹን የጣለ ሐረግ ለተፈጠረለት ለዚያ ጥንታዊ ጉዳይ እንኳ አያገለግልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የነገሥታቱ ሐረግ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በሦስተኛው አንቀጹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የትውልድ ሐረግ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ የሣህለ ሥላሴንም ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ያያይዘዋል። አንድ አገር በሕገ መንግሥቱ የቤተሰብ ዛፍ ጻፈ ማለት ነው። ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ ከሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በማን በኩል ነው? የራስ መኮንን እናት በሆኑት፣ በሣህለ ሥላሴ ልጅ በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። ዘውዱ የተሻገረባት ድልድይ ሴት ነበረች። አንቀጹ ግን ከድልድዩ ማዶና ማዶ ያሉትን ወንዶች ጠርቶ ድልድዩን ዝም ብሎት አለፈ። የዚያ ሁሉ ሐረግ መነሻ ደግሞ አንዲት እናት፣ ንግሥተ ሳባ መሆኗን ልብ በሉ።

ዳግማዊ ቴዎድሮስንም አስታውሱ። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ከነገሡ በኋላ ሐረጋቸው ከሰሎሞናውያኑ ጋር ተያያዘ። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ ሥልጣን የሌላት እናት ስድብ ትሆናለች፤ ሥልጣን ሲመጣ ደግሞ ሌላ አያት ይፈለጋል። እኛም በየሳሎናችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ።

በቤተሰባችን ሐረግ የአያቴ እናት ተብለው የተጻፉት ስመ ጥር ሴት ወይዘሮ ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ሄጄ ቡና ስንጠጣ፣ ያኔ ሕፃን የነበረችውን ልጄን አክስቴ ታቅፈው ያባብሏት ጀመር። በሚያባብሉበት መካከል የማላውቀው ቃል ደጋገሙ። ቃሉ አዲስ አልነበረም፤ እኔም በሕፃንነቴ የተባበልኩበት ነው። ትርጉሙን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«እታባ፣ ይህ ቃል የምን ቋንቋ ነው?» አልኳቸው።

«የአያቴ ነው» አሉኝ።

«የትኛዋ አያትዎ?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጥቂት ዝም አሉና የሚከተለውን ነገሩኝ። የአያቴ ወላጅ እናት እመቤቲቱ አልነበሩም። ገና ልጅ ሳሉ ከደቡብ ምዕራብ ተነድተው የመጡ፣ ለዚያ ቤት በገንዘብ የተገዙ ነበሩ። እህል ሲፈጩ በራሳቸው ቋንቋ ያንጎራጉሩ ነበር፤ የቤቱም ልጆች ይስቁባቸው ነበር። ከጌታው ወለዱ። ልጁን እመቤቲቱ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ልጁም እናቱን በአገልጋይ ስም እየጠራ፣ «ውኃ አምጪ» እያለ አደገ። ያ ልጅ አያቴ ነው።

አንድ አፍ የነገረኝን አልመዘግብም፤ ይህን ሥራዬ አስተምሮኛል። ከዚያ ቤት ጎረቤት የነበሩ፣ እርስ በርሳቸውም የማይገናኙ ሁለት አዛውንት ፈልጌ ጠየቅሁ። ሁለቱም ያንኑ ነገሩኝ። አንደኛው እንዲያውም «ታዲያ ይህን ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነህ» ብለው ሳቁብኝ።

የባሪያ ንግድን የሚገታ፣ ለባሮችም ነፃነት መንገድ የሚከፍት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጥቷል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ቅድመ አያቴ ግን ከአዋጁም በኋላ ከዚያ ቤት አልወጡም። ወዴት ይሂዱ? የተወለዱበትን አገር መንገድ አያውቁትም፤ ልጃቸውም እዚያ ነበር። በዚያ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ «አንቺ» ሲባሉ ኖረዋል። እኔ እዚህ «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ልሰጣቸው የምችለው ርስት ይህች አንዲት ቃል ብቻ ናትና።

ባለፈው ዓመት የቤተሰባችን ማኅበር የታሪክ መጽሔት ሲያዘጋጅ ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ሰብሳቢው አጎቴ ገጹን አንብበው፣ አጥፈው፣ ወደ እኔ መለሱልኝ። «አንተ ልጅ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን» አሉኝ። ቀጥለውም «ነገ ለልጆቻችን ሽማግሌ ሲላክ ይህ ወረቀት ቢወጣ ምን ልትል ነው?» አሉ። መጽሔቱ በሚያምር ወረቀት ታተመ። በቅድመ አያቴ ቦታ ዛሬም እመቤቲቱ ናቸው።

አጎቴን አከብራቸዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬን የከፈሉልኝ ሰው ናቸው። ይሁንና ለጥያቄያቸው መልስ አለኝ። ጋሼ፣ ሙት ወቃሽ አልሆንኩም። እሳቸውም እኮ ሙት ናቸው! ከሁለቱ ሙታን የአንዱን ክብር ለመጠበቅ ሌላዋን ሁለተኛ መቅበር ምን ይባላል? አንዴ ከእናታቸው እቅፍ ተነጠቁ። ሁለተኛ ልጃቸው ተነጠቀባቸው። ሦስተኛው ንጥቂያ የእኛ ነው፤ ያውም በሚያምር ወረቀት። የእኔ ገጽ ማንንም «ክፉ» አላለም፤ የሆነውን ብቻ ተናገረ። ስለ ሽማግሌውም ቢሆን፣ አያቱ በገንዘብ ተገዝታ ስለነበር ልጃችንን የሚንቅ አማች ከመጣ፣ በጊዜ ማወቃችን አይሻልም? እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርም፤ ሲጠራ እኛ የምንገኘው ከየትኛው ወገን ነው?

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብደኛል። «የሰውን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ነውር ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው። እዚህ የቅድመ አያቴን ስም እንዳልጻፍኩ አስተውላችኋል። ስለ እናት ስም እየጮኸ የእናቱን ስም የሚደብቅ ጸሐፊ መሆኔን አውቃለሁ። ምክንያቱ እፍረት አይደለም። አክስቴ «ታሪኩን ጻፈው፤ ስማቸውን ግን እኔ በሕይወት ሳለሁ አታውጣው» ስላሉኝ ነው። የሕያው ሰው ቃል ከእኔ መጣጥፍ ይበልጣል። ዳሩ ግን አለማተምና ማጥፋት አንድ አይደሉም። ስማቸው በደብተሬ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ማን እንደነገረኝና መቼ እንደነገረኝ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ የምከስሰው የሚጠብቀውን አይደለም፤ የሚፍቀውን ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ የዘመናችን ነው። «በዘር በምንባላበት በዚህ ጊዜ ዘር መቁጠር ምን ይሉታል?» ይላሉ ወዳጆቼ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ የሚያባላን መቁጠራችን አይደለም፤ አጉድለን መቁጠራችን ነው። እስቲ የባንክ ሰው ነኝና ሒሳቡን ልሥራው። ወላጆች 2 ናቸው፤ አያቶች 4፤ ቅድመ አያቶች 8። እንዲህ እያለ ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ይደርሳል። ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ሲደመር 254 ሰው ነው። ሰባት አባቶቹን የቆጠረ ሰው ከ254ቱ 7ቱን ያዘ፤ 247ቱን ጣለ። ከዚያም ደረቱን ነፍቶ «ዘሬ ይህ ነው» ይላል! እኔ ከ254 ብር 7 ብር ብቻ መዝግቤ ሒሳቡን ብዘጋ በማግሥቱ ከሥራ እባረራለሁ። ከእነዚያ 247 ሰዎች መካከል ስንቶቹ ዛሬ «ሌላ» የምንለውን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? የእኔዋ አንዷ ነበሩ። የቋንቋቸውም አንዲት ቃል ልጄን አስተኝታለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንደ እኔ ደብተር ይዛችሁ የምትዞሩ ሁሉ፣ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። አዛውንት ፊት ስትቀመጡ ከእናት ጀምሩ። «እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? የእሳቸውስ እናት? ከየት መጡ?» በሉ። የክርስትና ስምም ጠይቁ፤ ብዙ ሰው በዓለም ስሙ ተረስቶ በክርስትና ስሙ ይገኛል። በቤቱ ውስጥ ሌላ ማን ይኖር እንደነበር ጠይቁ፤ አገልጋዩን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን አትዝለሉ። የነገሯችሁን ከነጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ጻፉ። የሰማችሁትን ካያችሁት ለዩ። ስም ካልተገኘ ቦታውን ባዶ ተዉት እንጂ በሌላ ሰው ስም አትድፈኑት። ባዶ ቦታ ሐቀኛ ነው፤ የሚፈልግ ሰው ይጠራል።

ደግሞም ፍጠኑ። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ለኖረው አብዛኛው ሰው መዝገቡ የሽማግሌ አፍ ነው። አንድ ሽማግሌ በተቀበረ ቁጥር ያ መዝገብ አብሮ ይቀበራል። ከሁለቱ ምስክሮቼ አንደኛው፣ ያ የሳቁብኝ፣ ባለፈው ጥር ዐርፈዋል።

በቅርቡ ለልጄ የቁጠባ ሒሳብ ከፈትኩላት። ቅጹን የሞላሁት ራሴ ነኝ። «የእናት ሙሉ ስም» ከሚለው መስመር ስደርስ እስክሪብቶዬ አልቆመም፤ የባለቤቴን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፍኩት። ያን ማታ ደግሞ ደብተሬን አውጥቼ 12ቱን ስም የለሽ ሴቶች እንደገና አየኋቸውና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስመር አሰመርኩላቸው። እስካሁን ሦስቱን አግኝቻለሁ። የሚከተለውን ለልጄ ጻፍኩላት፤ ማንበብ ስትችል ታነበዋለች።

የፈረሱ ስሙ በመዝሙር ተጠርቶ፣
የጋሻው ታሪኩ ተነግሮ ተሰምቶ፣
ስሟ ብቻ ጠፋ ከሐረጉ ወጥቶ፣
ዘጠኝ ወር የቻለው ማኅፀኗ ተረስቶ።

ልጄ ሆይ ስትቆጥሪ ወደ ኋላ ሄደሽ፣
ከአባቶችሽ በፊት እናቶችን ይዘሽ፣
ስም የሌላት ብታይ አትለፊያት ንቀሽ፤
መስመር አስምሪላት ቦታዋን ጠብቀሽ።